ታጥቦ የተተኮሰ ማሊያ

ሰውየውን ሁሉም «ሳሙና» ነው የሚለው። ሳሙና ነጋዴ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ትጥቅ ያዥ ነበር፤ ማሊያ ሲያጥብ፣ ሲተኩስ፣ የተቀደደ ሲጥፍ፣ ታኬታ ሲወለውል ኖረ። ጨዋታ ሲያልቅ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ «አውልቅ! አውልቅ!» እያለ ነበር ተጫዋቹን የሚቀበለው፤ ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም። እድፍ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ እንኳ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የሻይ ጠብታ ካየ ጣቱን በምራቁ አርሶ መፈተግ ይጀምራል፤ ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን እስክትረግጠው። ስሙን ያወጡለት ተጫዋቾቹ ናቸው። ዛሬ የመዝገብ ስሙን ከሚስቱና ከጡረታ ቢሮው በቀር የሚያውቀው የለም።

ማክሰኞ ጠዋት አከራያቸው መጡ። አሮጊቷ ለኪራይ ካልሆነ ደረጃ የሚወጡ ሴት አይደሉም። ወሩ ሳይሞላ በሩ ላይ ቆመው ስታያቸው የሳሙና ሚስት ነገሩ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ገባት።

«ልሸጠው ነው ልጆቼ» አሉ፤ ወንበር ቢሳብላቸውም አልተቀመጡም። «ጉልበቴ እንቢ አለኝ፤ ልጄ ዘንድ ልጠቃለል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የኖራችሁበት ቤት ስለሆነ ለባዳ ከመስጠቴ በፊት ለእናንተ ልንገር አልኩ። ግማሹን በአንድ ወር ውስጥ ካመጣችሁ ቀሪውን ቀስ እያላችሁ ትሰጡኛላችሁ። ካልሆነ ግን ገዢ አለ፤ በየቀኑ ይደውላል።»

ሚስቲቱ ክው አለች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከደረቀም በኋላ መጥረጓን አላቆመችም። በዚህ ዕድሜ ጓዝ አሸክሞ ቤት ፍለጋ መንከራተት! ሳሙና ግን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሳቀ። ጥርሱ አልከደን አለ።

«እሰይ! ቀኑ ደረሰ በይኛ!» አላት አሮጊቷን ሸኝቶ እንደተመለሰ። «ስንት ዓመት ነገርኩሽ? ያቺ ክፍል አንድ ቀን ቤት ትገዛለች አላልኩሽም?»

ያቺ ክፍል የሚላትን ልንገራችሁ። ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። ከሦስቱ ሰፊዋ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የሚያየው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባባት ክፍል የሰው አይደለችም፤ የማሊያ ናት። ፀሐይ ቀለም ይበላል ብሎ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ደፍኖታል። ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚዞረው፤ ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። ውስጡ አራት ባለ መስታወት ቁም ሳጥን፣ በቁም ሳጥኖቹ ውስጥ ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ማሊያ፣ ሠላሳ ጥንድ ታኬታ፣ የበረኛ ጓንት፣ የካፒቴን የክንድ ማሰሪያ፣ ኳስ፣ የአሰልጣኝ ፊሽካ። ገሚሱን ተጫዋቾቹ የሰጡት ነው፤ ገሚሱን ከደመወዙ እየቆረጠ የገዛው ነው። አንዲት ልጃቸው ከአምስት ዓመቷ ጀምራ እስክታገባ ድረስ ኮሪደሩ ላይ በታጣፊ አልጋ ተኝታ ነው ያደገችው።

ሚስቲቱ አላጉረመረመችም አልልም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለው ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። «መሬት ነው ብለሽ ቁጠሪው» ይላታል፤ «ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወደዳል።» እውነቱን ለመናገር እሷም ከጊዜ ብዛት አምናው ነበር። ጎረቤቶቿ ስለ ጡረታቸው ሲጨነቁ እሷ የተቆለፈውን በር በዐይኗ ሰረቅ አድርጋ ዝም ትላለች። ሰው ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ሲነገረው ካላመነ ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው?

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ነገር ሳትመዝን አትናገርም። አባቷ በሩን ከፍቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ የቁጥር ዘጠኝን ማሊያ አወጣላት።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ያለዚህ ማሊያ ታሪኩ አይገባም። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት ክለቡ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ በልቷል። ዝናብ ነበር። ሜዳው ጭቃ ነበር። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው አጥቂው፣ ቁጥር ዘጠኝ፣ በሆዱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በግንባሩ አስቆጠረ። ተከላካዩ ማሊያውን ከብብቱ ሥር ሰንጥቆት ነበር። ፎቶው በየፀጉር ቤቱ፣ በየመኪናው፣ በየሻይ ቤቱ ተለጥፎ ኖሯል፤ ፊቱ ጭቃ፣ ደረቱ ጭቃ፣ የተቀደደ ማሊያ፣ የተከፈተ አፍ። በዚያው ዕለት ቁጥር ዘጠኝ ማሊያውን አውልቆ «እንካ ሳሙናዬ፣ ያንተ ነው» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሙና ሰው ሆነ ማለት ይቻላል። በኋላም በደረቱ በኩል አስፈርሞታል።

«እስቲ አባዬ፣ መጀመሪያ ዋጋውን እንይ» አለችና ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

«ምን ታይዋለሽ? የታወቀ ነገር ነው!»

«ቢሆንም።»

ፈለገች። ጣቷ ስልኩ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ፊቷ መለዋወጥ ሲጀምር እናቷ ወንበሯን አስጠጋች።

«አባዬ፣ የዚህ ሰውዬ ፊርማ ያለበት ማሊያ ስንት እንዳለ ታውቃለህ? አሁን ለሽያጭ የወጣው ብቻ ከአራት መቶ ይበልጣል።»

«ውሸት!»

«ባለፈው ሳምንት አንዱ ተሸጧል። የተሸጠው...» ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው። የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነበር። ያውም የደህና ጫማ አይደለም።

ሳሙና መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ቁጥሩ አልተለወጠም። «ይሄ የሌባ ሥራ ነው» አለ። «አስመስለው የፈረሙት ነው። ቁጥር ዘጠኝ እንዲህ በየሜዳው የሚፈርም ሰው አይደለም!»

«እሱ ራሱ ነው አባዬ። እየው፣ ሲፈርም የተነሳው ፎቶ አብሮ ተለጥፏል።»

አየው። አዲስ ሱፐርማርኬት ሲመረቅ የተነሳ ፎቶ ነው። ቁጥር ዘጠኝ ሆዱ ጠረጴዛውን ገፍቶ፣ ፊት ለፊቱ እስከ አገጩ የተከመረ አዲስ ማሊያ ቀርቦለት፣ እስክሪብቶ ይዞ ይስቃል። በሌላው ፎቶ የጎማ መሸጫ ውስጥ ነው። በሌላው የጥርስ ሕክምና ቤት። የፎቶዎቹ ብዛት! ሰውየው ከኳስ ወጥቶ ሥራው ፊርማ ሆኗል እኮ! ሳሙና አፉን ይዞ ቀረ። ሠላሳ ዓመት የተሳለመውን ፊርማ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሁሉ በነፃ ይዞት ይሄዳል ማለት ነው?

ልጅቷ ከታች የተጻፈውን ማንበብ ቀጠለች። «አባቴ ሲያርፉ ቤታቸው ያገኘሁት ነው፤ ማስቀመጫ ቦታ ስለሌለኝ በቅናሽ» ይላል አንዱ። «ተጫዋቹን አላውቀውም፤ የአያቴ ነበር፤ ዋጋ ንገሩኝ» ይላል ሌላው። ቁጥር ዘጠኝን ያዩት ሰዎች እያረጁ፣ እየሞቱ ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ቤት ሲያጸዱ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጡታል። ገዢው ማን ይሁን?

«በቃ አጥፊው!» አለ ሳሙና። «ስልክ ምን ያውቃል? የድሮ ማሊያ ለሚገዛ ነጋዴ ደውያለሁ፤ ሰኞ ይመጣል፤ እሱ ዕቃ ያውቃል። የእኔ ከጨዋታ የወጣ ነው እንጂ ከሱቅ የተገዛ አይደለም።»

ሚስቲቱ ግን ጠዋት ለጎረቤቷ «ልንገዛው ነው» ማለቷን አስታውሳ ስልኩን ከልጇ እጅ ወስዳ ዋጋውን እንደገና አየችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነጋዴው መጣ። የድሮ ስፖርት ዕቃ ከሰው ቤት እየገዛ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ፣ ጠጉሩ የሸበተ ጨዋ ሰው ነው። የጨርቅ ጓንት አጠለቀ፣ ማጉያ መነጽሩን አወጣ፣ ከቦርሳው ያንን ፎቶ፣ የጭቃውን ፎቶ፣ በትልቁ የታተመውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሚስቲቱ ለእንግዳው ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች።

ነጋዴው ማሊያውን አነሳ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሳሙና ኩራት ኩራት አለው፤ ሽታው የላቬንደር አበባ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ታጥቧል እንዴ?»

«ሦስቴ!» አለ ሳሙና ደረቱን ነፍቶ። «በማሽን እንዳይመስልህ፤ በእጄ! መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ ለብ ባለ። አንገትጌውን በጥርስ ብሩሽ። ከዚያ ወዲህም በየስድስት ወሩ አየር እያስነካሁ እተኩሰዋለሁ።»

ነጋዴው ዐይኑን ጨፈነ። «ጭቃውስ?»

«የምን ጭቃ? እኔ ባለሁበት ጭቃ ያድራል?»

«ጋሼ...» አለና ነጋዴው መነጽሩን አስቀመጠ። ሰው መርዶ ሊያረዳ ሲል እንዲህ ነው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው። «ዛሬ ገበያው ወድቋል። ፊርማ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ቁጥር ዘጠኝ ያልፈረመበትን ማሊያ ማግኘት ነው ብርቅ የሆነው። አሁንም ዋጋ የሚያወጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ከነጭቃው፣ ከነላቡ ያለ ማሊያ። ገዢው ማሊያውን ከፎቶው ጋር ያስተያየዋል። ይቺ የጭቃ ጠብታ እዚህ ጋ፣ ይቺ የሣር አረንጓዴ እዚህ ጋ፣ እያለ። ገጠመ ማለት ያ ማሊያ ነው። እሺ፣ ጭቃው ይቅር። ቀዳዳው አለ አይደል? ፎቶው ላይ ከብብቱ ሥር አንድ ስንዝር ተሰንጥቋል። እሱን ካገኘን ግማሽ መንገድ ነው።»

ነጋዴው ማሊያውን ገለበጠ። በማጉያው ከላይ እስከ ታች ፈለገ። ወደ መብራቱ አነሳው። እንደገና ፈለገ።

ሳሙና ይስቅ ነበር። ይታያችሁ፣ ይስቅ ነበር! «አላገኘኸውም አይደል? አታገኘውም! ከራሱ ከማሊያው ጫፍ ክር መዝዤ ነው የጣፍኩት። ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። የክለቡ ፕሬዚዳንት ራሱ ፈልጎ አጥቶታል!»

«ጋሼ፣ ቀዳዳው ከሌለ ታዲያ ይሄ ያ ማሊያ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሳቁ አፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባው። መጀመሪያ ፎቶውን አየ፤ ቀጥሎ ማሊያውን አየ። አንዱ ጭቃ የበላው፣ የተዘነጠለ፣ ከሞት የተረፈ ነገር ነው። ሌላው ከሱቅ የወጣ አዲስ ይመስላል። ሁለቱን ያገናኛቸው የነበረውን ሁሉ በገዛ እጁ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ አንድ በአንድ አስለቅቆታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ሰምታችኋል፤ ይሄ ግን የብብቱን ቀዳዳ የሰፋ ነው! «እኔ... እኔ ነኝ እኮ የምመሰክረው» አለ። «ለእኔ ነው የሰጠኝ። በእጄ።»

«አምንዎታለሁ። ገዢው ግን እርስዎን አያውቅም።» ነጋዴው ወደ ቁም ሳጥኖቹ ዞረ። ታኬታዎቹ መስታወት መስለው ያበራሉ፤ በጥርሶቻቸው መሃል አንዲት የሣር ቅጠል የለችም። ጓንቶቹ ለስልሰዋል። ኳሷ ተወልውላ ታብለጨልጫለች። «ሁሉንም ነው ያጠቡት?»

«ሁሉንም» አለ ሳሙና። ይህችን ቃል ሠላሳ ዓመት በኩራት ብሏታል፤ አሁን ግን ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው ነው ያላት።

ነጋዴው ትንሽ አሰበ። «ላስቀይምዎት አልፈልግም። ለሁሉም፣ ለሁለት መቶውም ማሊያ፣ የአንድ ፍሪጅ ዋጋ ልሰጥዎት እችላለሁ። እሱም ለእርስዎ ብዬ ነው። ቁም ሳጥኖቹን ግን በደህና ዋጋ እወስዳለሁ፤ እንዲህ ያለ ወፍራም መስታወት ዛሬ አይገኝም።»

ኧረ ጉድ በሉ! ሳጥኑ ከሀብቱ በለጠ! ሳሙና መቀመጫ ፈልጎ በእጁ ዳበሰ፤ ወንበሩ ላይ ወደቀ ማለት ይሻላል። ፊቱ አመድ መሰለ።

ነጋዴው ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም ብያችኋለሁ፤ ሽማግሌው እንዲህ ሲሆን አይቶ አንጀቱ ተንሰፈሰፈ። ያዘነ ሰው ደግሞ ምላሱን አይጠብቅም። «ምነው ጋሼ፣ ያኔ ለምኜዎት አልነበረም?» አለ። «ያኔ ጭቃ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የእርስዎ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአንድ ሙሉ ቤት ዋጋ በጥሬው አቅርቤልዎት፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ፣ ወይ ፍንክች አሉኝ እንጂ!»

«የምን ቤት ዋጋ?»

ሁለቱም ዞሩ። ሚስቲቱ የሻይ ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብርጭቆዎቹ እርስ በርሳቸው ይንጫጫሉ።

ነጋዴው አንዴ እሷን፣ አንዴ ባሏን አየ። ምን እንዳደረገ ገባው። ፎቶውን ጠቀለለ፣ ጓንቱን በኪሱ ወሸቀ፣ «እትዬ ይቅርታ፣ ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለ ሲወርድ ተሰማ።

ሚስቲቱ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተቀመጠች። ሳሙና ጩኸት ጠበቀ፤ ብትጮህ በወደደ። አልጮኸችም። አንድ በአንድ ትጠይቀው ጀመር።

«ያ ሰውዬ ነው? ያኔ የመጣው? ለማየት ነው የመጣው ያልከኝ?»

«ለማየትም ነበር...»

«ሙሉ ቤት ነው ያለው? የቤት ግማሽ አይደለም? ሙሉ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር» አለች። «ኮሪደር ላይ ልብስ መቀየር የምታፍርበት ዕድሜ ላይ ነበረች። ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ነበር የምትለብሰው። ያን ጊዜ ነው?»

«ዋጋው የሚጨምር መስሎኝ ነው» አለ ሳሙና። ከዚያ አንገቱን ደፋ። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ሰዓት፣ ውሸት ከየት ያምጣ? «አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ። ቢጨምርም አልሸጠውም ነበር። መለየት አቃተኝ። ሰውየው ብሩን ሲዘረጋ ላብ አጠመቀኝ፤ እነዚህን ማሊያዎች ሌላ ሰው ሲያጥባቸው ታየኝ።»

«እሱን ብትነግረኝ ምን ነበር?» አለች፤ ዕንባዋ መጣ። «አልሸጥም ብትለኝ እጣላህ ነበር፣ አኮርፍህ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። እኔ እኮ ያን ዕለት ጓዳ ነበርኩ! ሻይ ሳፈላላችሁ ነበር! ከዚህ እስከዚያ ሦስት እርምጃ ነው። ቤት አቅርበውልናል፣ ምን ትያለሽ ብለህ ብትጠራኝ ጉሮሮህ ይዘጋ ነበር?»

ሳሙና ወደ ጓዳው በር አየ። እውነትም ሦስት እርምጃ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲመላለስበት ርቀቱን አስቦት አያውቅም። በማሊያው ያዘነው ሐዘን ከዚህ ጋር ሲያስተያየው የልጅ ጨዋታ ሆነበት። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ከታች መንገዱ ላይ መኪና ጥሩንባ ይነፋል። በመጨረሻ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እና አሁን ምን ይሻለናል?» አላት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሚስቲቱ ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ምን ትያለሽ ነው ያልኩሽ።»

ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ማሊያ ሲገዛ ነግሯታል፣ ክፍሉን ሲቆልፍ ነግሯታል፣ መስኮቱን ሲደፍን ነግሯታል። ጠይቋት አያውቅም። እሷም አሁን ገና ነው የታወቃት፤ ያቺን ጥያቄ ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነች። አከራይዋ ቤቱን ልሸጠው ነው ሲሏት እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም።

«ዛሬ?» አለችው። «የሚመረጥ ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ተነሳች።

«ከጠየቅኸኝ ልመልስልህ» አለችው። «ሂድና ከሱቆቹ ባዶ ካርቶን ለምነህ አምጣ። ሃያ አራት ቀን ነው የቀረን።»

የቀዘቀዘውን ሻይ አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሳሙናም ጫማውን አጥልቆ ካርቶን ፍለጋ ወጣ።